አዶልፍ ኬትሌ፤ ሰውን በሚዛንና በሜትር የመረመረ ሊቅ

ማናችንም ብንሆን ለምርመራ ሐኪም ቤት ስንገባ ከሐኪሙ በፊት የሚቀበለን ሚዛኑ ነው። ነርሷ ክብደታችንን በኪሎ፣ ቁመታችንን በሜትር ትመዘግባለች። ከዚያም ክብደቱ ለቁመቱ ይካፈላል፤ የተገኘው ውጤት ደግሞ እንደገና ለቁመቱ ይካፈላል። በዚህ ቁጥር መሠረት ሰው ከስቷል ወይም ወፍሯል ይባላል። በሕክምና ትምህርት ቤት ቢ.ኤም.አይ. እያልን የምንጠራው ይኸው ነው። ስሌቱን ያመነጨው ሰው ግን ሐኪም አልነበረም፤ አንድም በሽተኛ አክሞ አያውቅም። መደበኛ ሥራው ከዋክብትን መመልከት ነበር። ይህን ሰው ለአንባብያን ለማስተዋወቅ የተነሳሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ስሙ በስታቲስቲክስ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ቢሆንም ከሕክምና ተማሪዎች መካከል ታሪኩን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ሁለተኛ፣ የእሱ ስሌት ዛሬ ለአቅመ ሔዋን በሚደርሱ ልጃገረዶች ላይ የሚሠራበት አኳኋን እሱ ራሱ ከጻፈው ጋር ሁልጊዜ ስለማይስማማ፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላምበርት አዶልፍ ዣክ ኬትሌ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1796 ጌንት በተባለች ከተማ ተወለደ። ጌንት ዛሬ የቤልጅግ ከተማ ናት፤ ያን ጊዜ ግን ቤልጅግ የሚባል መንግሥት ገና አልተፈጠረም ነበር። ልጁ የተወለደው በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር ነው፤ ከናፖሊዮን ውድቀት በኋላ የኔዘርላንድ ንጉሥ ተገዥ ሆነ፤ 34 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ቤልጅጋዊ ሆነ። አባቱ የሞተበት ገና የ7 ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። የቤተሰቡ ኑሮ ስለጠበበ በ17 ዓመቱ በአንድ ትምህርት ቤት አስተማሪነት ተቀጠረ፤ 19 ዓመት ሲሞላው በጌንት ኮሌጅ የሒሳብ መምህርነት ሥራ አገኘ። የወጣቱ ልብ ያዘነበለው ግን ወደ ኪነ ጥበብ ነበር። ሥዕል ይሥል፣ ግጥም ይጽፍ ነበር፤ ከሒሳብ ሊቁ ጓደኛው ከዣርሚናል ዳንድለን ጋር ሆኖ የኦፔራ ድርሰት እስከ መጻፍ ደርሷል። ሒሳቡ ኋላ አሸነፈ። በ1819 ገና ሁለት ዓመት ያልዘለለው የጌንት ዩኒቨርሲቲ በሳይንስ የመጀመሪያውን የዶክትሬት ማዕረግ የሰጠው ለእሱ ነው።

በዚያው ዓመት ለማስተማር ወደ ብራስልስ ተዛወረ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ እንዲያሠራ ይወተውት ጀመር፤ አስገራሚው ነገር እሱ ራሱ የከዋክብት መመልከቻ መሣሪያ አያያዝ በቅጡ አለማወቁ ነው። ስለዚህ ሙያውን እንዲቀስም በ1823 መጨረሻ በመንግሥት ወጪ ወደ ፓሪስ ተላከ። እንደ እኛው የስኮላርሺፕ ተማሪ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የእሱ ቆይታ ሦስት ወር ያህል ብቻ መሆኑ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ስለ መሣሪያ ከተማረው ይልቅ ሕይወቱን የለወጠው ከነላፕላስና ከነፉርዬ ክበብ የቀሰመው የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድን ኮከብ አሥር ጊዜ የሚለካ ሰው አሥር የተለያዩ ቁጥሮች ያገኛል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አየሩ ይረበሻል፣ ዓይን ይደክማል። ዳሩ ግን ስሕተቶቹ እንደተገኙ የተበተኑ አይደሉም፤ አብዛኞቹ በመሐል ይከማቻሉ፣ ከመሐሉ በራቁ ቁጥር እየሳሱ ይሔዳሉ። ይህን ሕግ የከዋክብት ተመራማሪዎች አስቀድመው ያውቁት ነበር። ኬትሌ ያመጣው አዲስ ነገር ከሰማይ አውርዶ በምድር ላይ በሚኖረው በሰው ልጅ ላይ ማዋሉ ነው። የብዙ ሰዎችን ቁመት ቢለኩ፣ የደረታቸውን ስፋት ቢለኩ፣ ቁጥሮቹ ልክ እንደ ኮከብ ልኬት በአማካዩ ዙሪያ ይሰፍራሉ ብሎ አሰበ። በኋላ በ1846 ባሳተመው መጽሐፍ ከ5,700 የሚበልጡ የስኮትላንድ ወታደሮችን የደረት ልክ ሰብስቦ ይህንኑ በቁጥር አሳየ።

የብራስልሱ ጣቢያ በ1826 ተፈቅዶ ግንባታው ተጀመረ። የ1830 አብዮት ሲፈነዳ ኬትሌ ኢጣልያ ነበር፤ ሥራው ተስተጓጉሎ ሕንጻው ያለቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በመሐሉ ሰውየው ሥራ አልፈታም። ከዋክብት መመልከቻው እስኪጠናቀቅ ድረስ ሰዎችን ይለካ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

በብራስልስ የማዋለጃ ቤት የተወለዱ ጨቅላዎችን አስመዘነ። የወንዶቹ አማካይ ክብደት 3.20 ኪሎ፣ የሴቶቹ 2.91 ኪሎ ሆኖ አገኘው። አራስ ልጅ ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት እንደሚቀንስ በየቀኑ በመመዘን አረጋገጠ፤ ዛሬ በሕፃናት ክፍል ስንለማመድ ለተጨነቀች እናት የምንነግራት ይህንኑ ነው። ከዚያ በትምህርት ቤትና በሙት ልጆች ማሳደጊያ ያሉትን ሕፃናት፣ ቀጥሎ ወጣቶችን፣ በመጨረሻም በጡረታ ቤት ያሉትን ሽማግሌዎች ለካ። የዚህ ሁሉ ውጤት በ1835 ስለ ሰውና ስለ ችሎታው እድገት ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ውስጥ ተጠቃሎ ወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። አንድ ሳጥን በርዝመትም በወርድም በከፍታም እጥፍ ቢሆን የሚይዘው እህል እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሰውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢያድግ ክብደቱ በቁመቱ ኩብ ልክ መጨመር ነበረበት። ኬትሌ ቁጥሮቹን ሲመረምር ግን ይህ ሆኖ አላገኘውም። ያደጉ ሰዎችን እርስ በርስ ሲያነጻጽር ክብደታቸው የሚሔደው በቁመታቸው ስኩዌር ልክ ሆነ። ለምሳሌ 1.50 ሜትር የምትረዝም ሴት 45 ኪሎ ብትመዝን፣ 1.65 ሜትር የምትረዝመው አቻዋ በኩቡ ስሌት 60 ኪሎ ገደማ፣ በስኩዌሩ ስሌት ደግሞ 54 ኪሎ ተኩል ገደማ ትመዝናለች። እውነቱ ወደ ሁለተኛው ይቀርባል። ረጅም ሰው የአጭር ሰው ትልቅ ግልባጭ አይደለም፤ ከቁመቱ አንጻር ቀጠን ያለ ነው። ክብደትን ለቁመት ስኩዌር ማካፈል የመጣው ከዚህ ነው።

ይህ ስለ አዋቂዎች ነው። ስለ ሚያድግ ልጅ የጻፈው ግን የተለየ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይህኛው ክፍል ነው። በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት ክብደት በኩቡ ልክ ይጨምራል፤ ከዚያ እስከ ጉርምስና መዳረሻ ድረስ በስኩዌሩ አካባቢ ይሔዳል፤ በጉርምስና ወቅት እንደገና ይፈጥናል። ጠቅላላውን የእድገት ዘመን በአንድ ስሌት መግለጽ ካስፈለገ የክብደቱ ስኩዌር ከቁመቱ አምስተኛ ኃይል ጋር ይሔዳል አለ። ይህም ማለት ክብደት በቁመት ሁለት ተኩል ኃይል ያድጋል ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ ለሚያድግ ልጅ የስኩዌሩን ስሌት ብቻውን አላጸደቀም። የ13 ዓመት ልጃገረድ የምትገኘው ደግሞ ሕጉ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚለወጥበት መንገድ ላይ ነው።

በሌላ በኩል ኬትሌ ያመለጠው ነገር አለ፤ ለሒሳብ ያለው ፍቅር የሸፈነበት ይመስለኛል። ልጆች ወደ ጉርምስና ሲገቡ ቁመታቸው በድንገት ይመዘዛል። ይህን እናቶቻችን ያለ ሜትር ያውቁታል፤ ባለፈው ዓመት የተሰፋ ቀሚስ ዘንድሮ ጉልበት ላይ ይቀራል። ሞንቤያር የተባለ ፈረንሳዊ የልጁን ቁመት ከ1759 እስከ 1777 እየተከታተለ ለክቶ፣ ቢዩፎን የተባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሊቅ አሳትሞለት ነበር፤ ዛሬ ቁጥሮቹን በሥዕል ስናሰፍራቸው ያ ድንገተኛ መመዘዝ ወለል ብሎ ይታያል። ኬትሌ ግን አንድን ልጅ ለዓመታት ከመከታተል ይልቅ በየዕድሜው ያሉ ጥቂት የተለያዩ ልጆችን ለክቶ አማካያቸውን ይወስድ ነበር። አንዷ በ11 ዓመቷ፣ ሌላዋ በ14 ዓመቷ ስትመዘዝ አማካዩ ሁለቱንም አለስልሶ ያጠፋቸዋል። በዚያ ላይ ቁጥሮቹን ውብ በሆነ የሒሳብ ቀመር ላይ ሲያስቀምጣቸው የቁመት እድገት ከልደት ጀምሮ ያለማቋረጥ እየቀነሰ የሚሔድ መስሎ ታየው። በ12 ዓመት ገደማ የወንዱና የሴቷ ክብደት እኩል እንደሚሆን አስተውሎ ነበር፤ ከበሩ ደርሶ ሳይገባ ተመለሰ ማለት ነው። ሴቶች ልጆች በዚያ ዕድሜ ላይ ወንዶቹን በቁመትም በክብደትም ለጥቂት ዓመታት ጥለዋቸው እንደሚሔዱ በግልጽ ያሳየው በ1870ዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ የቦስተን ተማሪዎችን የለካው ሐኪሙ ሄንሪ ቦውዲች ነው።

ስለ ልኬት ካነሳን አይቀር ኬትሌ ከሠራቸው ሁሉ እኔን ያስደነቀኝን ልጨምር። የ100,000 የፈረንሳይ ምልምል ወታደሮችን የቁመት መዝገብ ከስሌቱ ጋር አስተያየ። በዚያ ዘመን ቁመቱ ከ1.57 ሜትር በታች የሆነ ወጣት ከውትድርና ይሰናበት ነበር። መዝገቡ ላይ አጫጭሮቹ መሆን ከሚገባቸው ከ2,200 በላይ በልጠው ተገኙ፤ ከመስመሩ በላይ ደግሞ በዚያው መጠን ጎድለዋል። ወጣቶቹ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ ወይም ከለኪው ጋር ተስማምተው ከጦሩ አምልጠዋል ማለት ነው። ያልዘመተውን ሰው በስሌት ብቻ ደረሰበት። በአንድ የቁጥር መስመር ላይ ጥቅም ወይም ጉዳት በተንጠለጠለ ጊዜ መስመሩ አካባቢ ያለው ልኬት ይበላሻል። የእርዳታ ዱቄት በሚታደልበት ሠፈር የክንድ ጥብጣብ የሚይዝ ጤና ሠራተኛም ከዚህ ፈተና አያመልጥም፤ ጥብጣቡን ትንሽ ጠበቅ ማድረግ አንድ ቤተሰብ ያስገባል፣ ትንሽ ላላ ማድረግ ያስወጣል።

የኬትሌ ስም የገነነው ግን አማካይ ሰው በተባለው ሐሳቡ ነው። አማካዩን የተፈጥሮ ዓላማ፣ ከእሱ መራቅን ደግሞ እንደ ስሕተት ወደ መቁጠር አዘነበለ። ኩርኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1843 ይህን በቀላል ምሳሌ ተቸው፤ የብዙ ቀጤ ማዕዘን ሦስት ማዕዘኖችን ጎኖች አማካይ ወስደን ሦስት ማዕዘን ብንሠራ ውጤቱ በጠቅላላው ቀጤ ማዕዘን አይሆንም። የአካል ክፍሎችን አማካይ ብንገጣጥም በሕይወት ሊኖር የሚችል ሰው ላይወጣ ይችላል ማለቱ ነው። በበኩሌ ከኩርኖ ጋር ነኝ። ያም ሆኖ ኬትሌ ስለ ሕዝብ እንጂ ስለ አንድ ግለሰብ ውፍረት ወይም ክሳት ለመፍረድ አልተነሳም፤ ስሌቱን በአንድ ሰው ላይ እንደ ፍርድ ማሳለፍ የኋለኞቹ ሥራ ነው። አማካዩን ተገን አድርገው ሰውን በዘር ያበላለጡም ተነስተዋል፤ ያ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የቀረው ሕይወቱ የክብር ነው። በ1834 የብራስልስ አካዳሚ ቋሚ ጸሐፊ ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ ቆየ። በኋላ የንግሥት ቪክቶሪያ ባል የሆነውን አልበርትን ከነወንድሙ ሒሳብ አስተምሯል። የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር እንዲመሠረት ከገፋፉት አንዱ ነው። በ1846 የተካሔደውን የቤልጅግ ሕዝብ ቆጠራ መራ፤ በ1853 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ በብራስልስ እንዲሰበሰብ አደረገ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እንደ መምህሯ ታየው ነበር። በ1855 ስትሮክ መታው፤ ከዚያ ወዲህ የማስታወስ ኃይሉ ስለደከመ የጣቢያውን ሥራ ልጁ ኤርነስት ያግዘው ጀመር። ከሦስት ዓመት በኋላ ባለቤቱ ሞተችበት። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖም በ1871 ስለ ሰው አካል ልኬት ሌላ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1874፣ 78 ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን ሲቀረው በብራስልስ አረፈ።

ስሌቱ ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ሆኖ ቆየ። በ1972 አንሴል ኪይስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከሌሎች ስሌቶች ጋር ካወዳደረው በኋላ አሁን የሚጠራበትን ስም አወጣለት። ያጠኑትም ያደጉ ወንዶችን ነበር። ቀጥሎ ለአዋቂ 18.5 የክሳት ወሰን ሆነ፤ ከዚያ በታች የሆነ ሰው ከስቷል ይባላል።

የእኛ ልጃገረዶች ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ2016 በኢትዮጵያ የተካሔደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 22 ከመቶዎቹ ከ18.5 በታች መሆናቸውን አስታወቀ። በዚህ ቁጥር ውስጥ የ15 ዓመቷ ተማሪና የ40 ዓመቷ የልጆች እናት በአንድ ወሰን ተለክተዋል። የ14 ዓመት ልጅ እንውሰድ፤ ቁመቷ 1.50 ሜትር፣ ክብደቷ 38 ኪሎ ነው። ቁጥሯ 16.9 ይሆናል። በአዋቂ ወሰን ብንመዝናት በጣም ከስታለች ተብላ ወደ ሕክምና ትላካለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች ባወጣው ሠንጠረዥ ግን የ14 ዓመት ልጃገረድ ከስታለች የምትባለው ከ15.4 ገደማ በታች ስትሆን ነው፤ ስለዚህ ይህች ልጅ ቀጭን ብትሆንም ከወሰኑ በላይ ናት። ሐኪሙ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚሠራ ካላወቀ ጤነኛዋን በሽተኛ ያደርጋል።

የተገላቢጦሹም አለ፤ እሱ ይከፋል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ምግብ ያነሳት ልጅ ትቀነጭራለች። ቁመቷ ስላጠረ ክብደቷ ከቁመቷ ጋር ይመጣጠናል፣ ቁጥሯም መልካም ይመስላል። ቁመቷን ከዕድሜዋ ጋር ያላስተያየ ሰው አልፏት ይሔዳል። የቀነጨረች ልጅ ዳሌ አጥንት ሊጠብ ይችላል፤ ያለ ዕድሜዋ ከተዳረች ምጥ ይጸናባታል። ሐምሊን ባልና ሚስት በ1974 ባቋቋሙት የአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ከታከሙት ሴቶች መካከል በልጅነታቸው የተዳሩና የቀጨጩ ብዙዎች ናቸው። በቆላማው አገራችን በሚኖሩ አርብቶ አደሮች ዘንድ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመናል፤ እግራቸው ረጅም፣ ከወገብ በላይ አጠር ያሉ በመሆናቸው ሳይራቡም ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ኬትሌ የለካው የብራስልስን ሰው ነውና ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ዕድሜ ነው። የ2007ቱ ሠንጠረዥ የልጅቷን ዕድሜ በዓመትና በወር ይጠይቃል። በአገራችን ልደትን በመንግሥት መዝገብ ማስመዝገብ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2016 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደች የገጠር ልጅ ዕድሜዋን የምትናገረው በእናቷ ትዝታ፣ በበዓል ወይም በድርቅ ዘመን እየቆጠረች ነው። በኮረዳነት ዘመን የአንድ ዓመት ስሕተት ቀላል አይደለም፤ ልጃገረዷን ከክሳት መስመር ወዲህ ወይም ወዲያ ሊጥላት ይችላል። ምግብ ያነሳት ልጅ ደግሞ አበባ የምታየው ዘግይታ ስለሆነ፣ ዕድሜዋ ቢታወቅ እንኳ አካሏ ከዕድሜዋ ኋላ ነው።

ስለዚህ ብዙዎች ዓይናቸውን ወደ ክንድ መለሱ። ዴሪክ ጄሊፍ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1966 በዓለም ጤና ድርጅት በታተመ መጽሐፉ የላይኛውን ክንድ ዙሪያ መለካትን አስፋፋ። የግራ ክንድ ልል ብሎ ተንጠልጥሎ፣ በትከሻው አጥንትና በክርኑ ጫፍ መካከል እኩሌታው ላይ ጥብጣቡ ሳይጫን ሳይላላም ይዞራል፤ ሚዛን የለ፣ ማካፈል የለ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ለነፍሰ ጡሮች እንደየአገሩ ከ21 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ያለ ወሰን ይሠራበታል። በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ የኩዌከር እርዳታ ሠራተኞች ዕድሜው ለማይታወቅ ልጅ ሌላ ዘዴ ፈጥረዋል። ልጁ በተመለከተ በትር አጠገብ ይቆማል፤ በትሩ ላይ በቁመቱ ትይዩ መሆን የሚገባው የክንድ ልክ ተጽፏል፤ የልጁ ክንድ ከዚያ ካነሰ ምግብ ይሰጠዋል። ለዕድሜ ቦታ ያልሰጠ ቁመትንና ውፍረትን የማስተያየት ዘዴ በመሆኑ፣ ኬትሌ ቢያየው ደስ ይለው ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ከ10 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች ግን ዓለም በሙሉ የተስማማበት አንድ ወጥ የክንድ ልክ አልተደነገገም። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከ10 እስከ 14 ዓመት ላሉት ከ16 ሴንቲ ሜትር በታች ከባድ፣ ከ16 እስከ 18.5 መካከለኛ እያሉ ይሠራሉ፤ የ10 ዓመት ሕፃንና የ14 ዓመት ኮረዳ ግን በአንድ ጥብጣብ አይለኩም። ትክክለኛውን ወሰን ለማግኘት የደጋውንም የቆላውንም ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው መለካት፣ የለኳቸውንም በዓመቱ ተመልሶ መለካት ያስፈልጋል። ሜትሩና ጥብጣቡ ርካሽ ናቸው፤ ሥራው የሚጠይቀው የለኪ ትዕግሥት ነው።